እናቴ ውሻ መስሏት ያበላችው ካዮቲ፦ ከተማ ዳር ለምንኖር ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ፣ ኮሎራዶ አውሮራ፣ የሰነበተች ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ "ይሄ የጎረቤት ውሻ እንዴት ከስቷል! ባለቤቱ እግዜርን አይፈራም እንዴ?" አለችኝ። በግራም በቀኝም ያሉት ጎረቤቶቻችን ውሻ የላቸውም። "የትኛው ውሻ?" ስላት "ቆይ፣ ይመጣል" አለች። መጣም። ልክ ጀንበር ስትጠልቅ ከጓሯችን ጀርባ ካለው ሜዳ ወጣና ሰዓቱን አክብሮ እንደሚገባ ሠራተኛ ቀጥ ብሎ አጥሩ ጋ ቆመ። ለካ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ የዶሮ አጥንት ስታቀርብለት ኖሯል።

ውሻ አልነበረም። ካዮቲ ነው።

በእሷ አልፈርድም። እኛ አገር የተረፈ አጥንት ለሰፈር ውሻ መጣል ደግነት ነው። ግን አውሮራ፣ ሎስ አንጀለስ ዳርቻ፣ ላስ ቬጋስ፣ ሲያትል ወይም ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ ይህን እንስሳ ዛሬ ባታዩት ነገ ታዩታላችሁ። ሌሊት ኡበር የምትነዱማ ሳታውቁት አትቀሩም። ከዚያ ወዲህ አንብቤም፣ ጠይቄም፣ ጓሮዬ ላይ ሞክሬም የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ ለዩት

ካዮቲ የውሻና የተኩላ ዘመድ ሲሆን የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። እኛ አገር የለም። ድሮ ይኖር የነበረው በምዕራቡ ሜዳና በረሃ ነው። ሰዎች ተኩላውን አድነው ሲጨርሱትና ደኑን ሲመነጥሩት ቦታው ለእሱ ተለቀቀለት። አሁን ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም የአሜሪካ ስቴቶች አለ። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ባለው ሮክ ክሪክ ፓርክ በ2004 ታይቷል። ቺካጎ ላይ ደግሞ በ2007 አንዱ መሀል ከተማ ካለ ሳንድዊች ቤት በክፍት በር ገብቶ የለስላሳ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። ከዚህ በላይ ከተሜነት አለ?

ሲታይ አነስተኛ ጀርመን ሼፐርድ ይመስላል። አፍንጫው ግን ቀጭንና ሹል ነው፤ ጆሮው ትልቅና የቆመ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ጠቆር ይላል። ሲሮጥ ጅራቱን ወደ ታች ይጥላል። ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀና ያደርገዋል። ቀይ ቀበሮ ከሆነ ደግሞ በጣም ያንሳል፣ የጅራቱም ጫፍ ነጭ ነው። በብርዱ ወራት ጠጉሩ ስለሚወፍር ግዙፍ መስሎ ያስፈራል እንጂ ምዕራቡ ላይ አብዛኛው ካዮቲ ከ9 እስከ 16 ኪሎ ቢመዝን ነው። የምሥራቆቹ ተለቅ ይላሉ።

ድምፁም ያታልላል። ሁለት ካዮቲ ድምፃቸውን እየቀያየሩ ሲጮኹ አሥር የሆኑ ይመስላል። ሌሊት "መንጋ ከበበን" ብላችሁ አትደናገጡ። በቀን ስላያችሁትም አብዷል ማለት አይደለም። ካዮቲ በተፈጥሮው ቀንም ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ሌሊት ያዞረው የእኛ ግርግር ነው።

ፍርሃቱን ልክ እናስይዘው። በአሜሪካና በካናዳ ካዮቲ ሰው እንደገደለ የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ነው፤ በ1981 ግሌንዴል ካሊፎርኒያ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በ2009 ደግሞ ኖቫ ስኮሺያ ካናዳ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው በውሻ ይነከሳል። ግን ንክሻ አለ። የነከሰውም ካዮቲ ታሪኩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ ከኋላው የሚያበላው ሰው ይገኛል። እናቴ ያደረገችው ነገር ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው።

ጓሮውን በእሱ ዓይን ዙሩት

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብቻ ብትሠሩ ችግሩ ከግማሽ በላይ ይቃለላል።

ካዮቲ የሚመጣው ሆዱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ባትሪ ይዛችሁ ቤታችሁን ዙሩ። የሚሸት፣ የሚላስ፣ የሚለቀም ነገር ባያችሁ ቁጥር ቁሙ። እኔ ስዞር አምስት ነገር አገኘሁ። አንዱም የእናቴ ጥፋት አልነበረም።

ምን እንደሚበላ ካወቃችሁ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። ቺካጎ አካባቢ ከ2000 ጀምሮ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ጌርት የሚመሩት የካዮቲ ጥናት አለ። ከ1,400 በላይ ሰገራ ተለቅሞ ሲመረመር በ42 ከመቶው አይጥና መሰሎቹ፣ በ23 ከመቶው ፍራፍሬ፣ በ22 ከመቶው አጋዘን፣ በ18 ከመቶው ጥንቸል ተገኘ። አንዱ ሰገራ ሁለት ሦስት ዓይነት ሊይዝ ስለሚችል ድምሩ ከመቶ ቢያልፍ አይግረማችሁ። ድመትና የሰው ምግብ እያንዳንዳቸው ከ2 ከመቶ በታች ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ላይ ግን በከተማዎቹ ካዮቲዎች ሰገራ 20 ከመቶው ውስጥ ድመት ተገኝቷል። እንግዲህ ሰፈሩ ያቀረበለትን ይበላል ማለት ነው።

ከቆሻሻው ጀምሩ። ቢኑን የምታወጡት ጋርቤጅ መኪናው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ይሁን፣ ማታውን አይደለም። ጠዋት መነሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ማሰሪያ ግዙለት። የእኛ ቤት ቆሻሻ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የፋሲካ ዋዜማ አራት ዶሮ ተገፎ፣ ተገነጣጥሎ፣ ታጥቦ፣ ቆዳውና ስቡ ቢኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሲቀመጥ ሽታው ማይል ይጣራል። ከእርሻ በግ ገዝታችሁ ቅርጫ የምትካፈሉ ደግሞ አንጀቱን፣ ቆዳውንና አጥንቱን አስቡት። ዘዴው ቀላል ነው። ትርፍራፊውን በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና ቢኑ በሚወጣበት ጠዋት ጣሉት። ሚስቴ መጀመሪያ "ቆሻሻ ፍሪዘር ውስጥ?" ብላ ፊቷን አጨፍግጋ ነበር። አሁን ልምድ ሆኗል። ቢኑ ውስጥ ጥቂት አሞኒያ መርጨትም ሽታውን ይሸፍናል። ግን በረኪና በነካው ቢን ውስጥ አሞኒያ በፍጹም አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ቀጥሎ ጥብስ የምትጠብሱበትን ግሪል እዩ። ከሥሩ ያለው የስብ መያዣ መቼ ታጠበ? የእኔ መቼ እንደታጠበ አላስታውስም ነበር።

ከዛፍ የወደቀ ፖም፣ ፕለምና ቼሪ በየቀኑ ልቀሙ። ብዙ ሰው ሥጋ በል እንስሳ ፍራፍሬ ይበላል ብሎ አያስብም። ከላይ ያለውን 23 ከመቶ ልብ በሉ።

ለወፍ የሚሰቀለው እህል ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ወፏ ግማሹን መሬት ላይ ትበትነዋለች። የተበተነውን አይጥና ጥንቸል ሊለቅም ይመጣል። እነሱን ፍለጋ ካዮቲ ይመጣል። ወይ አንሱት ወይ ሥሩን በየቀኑ ጥረጉ። ደረቅ እንጀራ ለወፎች ብላችሁ የምትበትኑም እንደዚያው ናችሁ።

ብስባሽ የምታዘጋጁ ከሆነ ሥጋ፣ አጥንት፣ የወጥ ትርፍራፊ አትክተቱበት። የውሻና የድመት ምግብ ውጭ አይደር። እንደ ኮሎራዶ ባለ ደረቅ አገር ሳህን ላይ የቀረ ውኃ እንኳ ይስባል።

አይጥ በዛ ብላችሁ መርዝ አትበትኑ። የተመረዘችውን አይጥ የበላ ካዮቲ፣ ጉጉት፣ ምናልባትም የራሳችሁ ድመት አብሮ ይመረዛል። የምንፈልገው ጤነኛና ሰው የሚፈራ ካዮቲ ነው እንጂ ደክሞት በረንዳ ሥር የሚጋደም አይደለም። ስለ በረንዳ ካነሳን፣ ከዴካችሁና ከዕቃ ቤታችሁ ሥር ያለውን ክፍተት በጠንካራ ሽቦ ዝጉት። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ውስጥ ማንም አለመኖሩን አረጋግጡ፣ በተለይ በጸደይ።

አጥር

በእኛ ሰፈር የተለመደው ሁለት ሦስት አግዳሚ እንጨት ያለው አጥር ለካዮቲ አጥር አይባልም። ሳያጎነብስ ያልፈዋል። የሚሠራው ቢያንስ 1.8 ሜትር ቁመት ያለው፣ መርገጫ የሌለው ድፍን አጥር ነው። ከሥርም ስለሚቆፍር ሽቦውን ወደ መሬት አስገብታችሁ ወደ ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እጠፉት። ሲቆፍር ሽቦ ላይ ይደርስና ይተወዋል።

አጥሩ አጭር ከሆነ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ቱቦ ማድረግ ይቻላል። አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሌላ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ታስገባላችሁ። በቀጭኑ ውስጥ የብረት ሽቦ አሳልፋችሁ ከአጥሩ ጫፍ በላይ ትወጥሩታላችሁ። ካዮቲ ሲዘል በፊት እግሩ ጫፉን ይዞ ነው ራሱን የሚስበው። ቱቦው ሲሽከረከርበት መያዣ ያጣና ይወድቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጀምሬ ደብዳቤ ደርሶኛል። የከፈልኩትን ቅጣት ለሚስቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ውሻ፣ ድመትና ዶሮ ያላችሁ

ድመት ቤት ውስጥ ትደር። ሌላ መላ የለውም።

ትንሽ ውሻ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን አትልቀቁ፣ በተለይ ሲነጋጋና ሲመሽ። አጥሩ ቢኖርም። መንገድ ስትወጡ ከ1.8 ሜትር የማይረዝም ገመድ ያዙ። ያ እየተተረተረ የሚረዝመውን ገመድ ተዉት፤ ውሻችሁ አሥር ሜትር ርቃ ካዮቲ ጋ ስትደርስ እናንተ ገና ቁልፉን ትፈልጋላችሁ። ካያችሁ ትንሿን አንሱና እቀፏት።

"ካዮቲ ውሻን በጨዋታ አታልሎ ወደ መንጋው ይወስዳል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም አምን ነበር። እንዲህ ያለ ሴራ የለም። ካዮቲው ይሸሻል፣ ውሻው ያባርራል፣ ካዮቲው ወደ ቤተሰቡ ይደርሳል፣ ከዚያ ውሻው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ትልቅ ውሻ ቢኖራችሁም እንዲያባርር አትፍቀዱለት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው አስከትቡ።

ዶሮ ለምታረቡ፣ ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ ካዮቲን ከመግባት አይከለክልም። ወፍራም፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሽቦ ተጠቀሙ። ጣሪያ አድርጉለት፣ ሥሩንም እንደ አጥሩ እጠፉት። ማታ ማታ ቁልፉት።

ፊት ለፊት ስትገጣጠሙ

አትሩጡ። ካዮቲ በሰዓት እስከ 64 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ደግሞም የሚሮጥ ነገር ለእሱ የሚታደን ነገር ነው። ጀርባችሁንም አትስጡት።

ቁሙ። ዓይን ዓይኑን እዩት። ክንዳችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ጃኬታችሁን ከራሳችሁ በላይ ግለጡት፣ ነጠላ ከለበሳችሁ ነጠላውን አራግቡት። ከደረታችሁ ጩኹ። ቃሉ ምንም ይሁን፣ ድምፁ ነው የሚፈለገው። ሕፃን ልጅ አብሯችሁ ካለ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ አንሱት። ካልሄደ ወደ እሱ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመዱ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት አጠገቡ ወርውሩ። ሐሳባችሁ ማቁሰል አይደለም፣ ማስበርገግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቶሎ ማቆሙ ነው። ካዮቲው አምስት ሜትር ሄዶ ዞሮ ያያል። ያን ጊዜ "ሄደ" ብላችሁ ከገባችሁ፣ ትንሽ ቆሞ መጠበቅ ብቻ እንደሚበቃው ይማራል። ሙሉ በሙሉ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቀጥሉ። ወደ ሜዳው መውጫ መንገዱንም አትዝጉበት። መሸሻ ያጣ እንስሳ ይነክሳል።

መሣሪያ በር አጠገብ አዘጋጁ። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሳንቲም ጨምራችሁ አፉን በፕላስተር ዝጉት፤ ሲንቀጫቀጭ ቤቱን ያናውጣል። ፊሽካ፣ ድስትና ማንኪያ፣ የአትክልት ውኃ ጎማ ሁሉም ይሠራሉ። አንዱን ብቻ አትደጋግሙ፣ ይለምደዋል። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራትም እንደዚሁ መጀመሪያ ይሠራል፣ በኋላ መብራት ብቻ ይሆናል።

እናቴ ለዚህ ሥራ ከሁላችንም የተሻለች ሆነች። "ወግድ! ሂድ ከዚህ!" ስትል እንኳን ካዮቲ እኛም እንበረግጋለን። ያበላችውም እሷ ስለነበረች፣ ከእሷው እጅ መባረሩ ትምህርት ሆኖታል ብዬ አምናለሁ።

የማታባርሩበት ጊዜም አለ። የታመመ ወይም የቆሰለ ከሆነ ተዉት፣ ደውሉ። ጠጉሩ የረገፈ ካዮቲ ብዙ ጊዜ እከክ ይዞት ነው። በጸደይ መንገድ ላይ ስትሄዱ አንዱ ከሩቅ እየተከተለ ከሸኛችሁ ደግሞ ግልገሎቹ ቅርብ ናቸው። ሊያጠቃችሁ ሳይሆን ከጉድጓዱ ሊያርቃችሁ ነው። ውሻውን በአጭር ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ለጥቂት ሳምንት ሌላ መንገድ ተጠቀሙ።

ልጆቻችሁን ከአሁኑ አሠልጥኗቸው። ሳሎን ውስጥ እኔ ካዮቲ ሆኜ ነው ያስተማርኳቸው። "ትልቅ ሁኑ፣ ጩኹ፣ ወደ ኋላ ተራመዱ።" ሦስት ቃል ይበቃል።

ወራቱን ተከተሉ

ከጥምቀት ገደማ ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ የሚጣመሩበት ወቅት ነው። ጩኸቱ ይበዛል፣ ውሻንም እንደ ተቀናቃኝ ያያሉ። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ስለሚፈጅ ግልገሎቹ ፋሲካ ሰሞን ይወለዳሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ወላጆቹ ብዙ አፍ ይመግባሉና በጣም የምትጠነቀቁት ያኔ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወጣቶቹ ከቤት ይወጣሉ። አገር የማያውቅ ጎረምሳ ማለት ናቸው፤ በማይገባቸው ቦታ ሁሉ ይታያሉ። እነዚህን በደንብ ማስበርገግ ዋጋ አለው፣ የሚማሩበት ዕድሜ ላይ ናቸውና።

የምትደውሉት መቼ ነው?

ሜዳ ሲያቋርጥ ስላያችሁት ብቻ መደወል አያስፈልግም። ሰው ሲጠጋ፣ ሲባረር እንቢ ሲል፣ በገመድ የተያዘ ውሻ ሲያጠቃ ወይም የታመመ ሲመስል ለከተማው የእንስሳት ቁጥጥር ወይም ለስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውሉ። ኮሎራዶ ላይ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ነው። ሰው እያጠቃ ከሆነ 911 ነው። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንደነበሩና ምን እንዳደረገ፣ አካባቢው ላይ ምግብ ወይም ውሻ እንደነበረ ንገሩ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ጠይቁ።

ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ። አገር ቤት ያደገ ሰው የእብድ ውሻ በሽታን አይንቅም። ክትባቱ ምልክት ሳይታይ ከተጀመረ ያድናል፤ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

"ለምን አይገድሏቸውም?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። የፌዴራል መንግሥቱ በየዓመቱ በአስር ሺዎች ይገድላል፤ ግን አላለቁም። ቦታው ባዶ ሲሆን ሌላ ካዮቲ ይገባበታል፣ ምግብ ሲተርፍም ብዙ ግልገል ይድናል። ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ ደግሞ በብዙ ስቴቶች ክልክል ነው። ጓሯችሁን የለመደው ነባር ጥንድ ሰው የሚፈራ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ዘበኛ ነው፤ ሌሎቹን አያስገባም።

ጎረቤት

የእኛ እንግዳ አጥንቱ ከቆመ በኋላም ሦስት ሳምንት ያህል ተመላለሰ። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ቀን። የለመደ ነገር እንዲህ ነውና አትሰልቹ፤ አንድ ቀን ከራራችሁለት ከዜሮ ትጀምራላችሁ። እኔ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፌ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፍ ነበር። ከወረቀቱ የገባኝ ነገር፣ ከእኛ ከቀረ በኋላ መንገዱን ወደ ሦስተኛው ቤት ማዞሩን ነው። እዚያ አንዲት አሮጊት ለባዘኑ ድመቶች በየማታው ምግብ ያስቀምጣሉ።

ሰው በደግነት የሚያደርገውን አቁም ማለት ከባድ ነው። ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። እንግሊዝኛ የላትም፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የራሷን የዶሮ አጥንት ታሪክ ከእነ እፍረቱ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እስኪያነቡ ሳቁ። የድመቶቹን ሳህን አሁን ጠዋት ያወጡታል፣ ድመቶቹ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጠው ያያሉ፣ ሲጨርሱ ያስገቡታል።